ሲጠሩት የሚነቃ፦ የትምህርት ቤታችንን ሰርቨር ይዤ ገርጂ የሰነበትኩበት ጉዞ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን አየህ?» ባቡሩን ተሳፍሬ እንደሆነ የሚጠይቀኝ አለ፤ የቦሌ ሕንፃዎች ቀና ብሎ ለሚያያቸው በእርግጥ ኮፍያ ያስጥሉ እንደሆነ የሚጠይቀኝም አለ። እኔ ግን ሄጄ ያየሁት በአብዛኛው አንድ የግቢ በር፣ አንድ ጥቁር ስክሪንና የአክስቴን ፊት ነው። ቢሆንም ጉዞው የትምህርት ቤታችን ጉዞ ስለነበር፣ ከሆሳዕና አለፍ ብላ ባለችው ከተማችን ላሉት ሁሉ ከመነሻው ጀምሬ ልጽፈው ወደድኩ።

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ። የኮምፒውተር ክፍላችንን የሚያውቅ ሰው በጥግ የተቀመጠችውን ጥቁር ሳጥን ያውቃታል። ሰርቨራችን እሷ ናት። ኢንተርኔት በከተማችን አንድ ቀን ኖሮ ሁለት ቀን ስለሚጠፋ፣ ለተማሪዎች የሚያስፈልገውን ሁሉ በእሷ ውስጥ አስቀምጠናል፦ የመማሪያ መጻሕፍቱን፣ የመለማመጃ ጥያቄዎቹን፣ የቪዲዮ ትምህርቶቹን፣ የመምህራን ውጤት መመዝገቢያውንም። ችግሩ ሳጥኗ አሮጌ ናት፤ ሜሞሪዋ ትንሽ ነው። ሜሞሪ ማለት የሥራ ጠረጴዛ ማለት ነው። መደርደሪያው የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ ጠረጴዛው ከጠበበ ብዙ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ መግለጥ አይቻልም። እነዚህ አራት አገልግሎቶች ደግሞ ማሽኗ ከበራችበት ደቂቃ ጀምሮ፣ ፈላጊ ኖረም አልኖረም፣ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ይውላሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ገብተው መለማመጃውን ሲከፍቱ ሳጥኗ ቀጥ ትላለች።

ለመጨረሻ ጊዜ ቀጥ ስትል ርዕሰ መምህራችን አቶ ሽብሩ ቆመው ያዩ ነበር። «መምህር ኤርሚያስ» አሉኝ፣ «እኔ ክፍል ጠቦኛል። ሰኞ መጥቼ አያለሁ። ከሠራ ሠራ፤ ካልሠራ ኮምፒውተሮቹ ዕቃ ቤት ይገባሉ፣ ክፍሉ ለዘጠነኛ ክፍል ይሰጣል።» ክፉ ሆነው አይደለም። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በአንድ ወንበር አራት ሆነው ሲቀመጡ እኔም አያለሁ። ስወጣ ትዕግሥት የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በር ላይ ጠበቀችኝ። የፊዚክስ መጽሐፍ የላትም፤ የምታነበው ከሳጥኗ ነው።

«መምህር፣ ካልተሠራስ?»

«ይሠራል» አልኳት። እንዴት እንደሚሠራ ግን አላውቅም ነበር።

ረቡዕ

ሳጥኗን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ማለዳ ሆሳዕና መናኸሪያ ተገኘሁ። የመኪናው ረዳት ገና ሲያየኝ እጁን ዘረጋ።

«መምህሬ፣ ዕቃ ከላይ ነው።»

«ይሄ ከላይ አይወጣም።»

«ምን አለበት?»

«መጻሕፍት።»

አነሣ አድርጎ መዘነው። «ለመጻሕፍት ቀለለ» አለና ፊቴን አየ። «እሺ፣ እንደ ሕፃን ታቀፈው። ካለቀሰ ግን ሁለታችሁንም ነው የማወርዳችሁ!» መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን አጥብቄ አቀፍኳት።

አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው አዲስ አበባ ወልዳ ለማረስ የሚሄዱ ናቸው። ቡታጅራ ላይ ለምሳ ስንቆም ሳጥኗን ጥዬ መውረድ ፈርቼ ተቀምጬ ቀረሁ። እሳቸው ወርደው በልተው ተመለሱና፣ «አሁን አንተ ሂድ። ሰባት ልጅ ያቀፈ ክንድ ለዚህ አያንስም» ብለው ከእጄ ወሰዷት። ሮጬ በልቼ ስመለስ ጉንጫቸውን ሳጥኗ ላይ አስደግፈው እያንኮራፉ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ተኝተዋል?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ኧረ አልተኛሁም የኔ ልጅ» አሉ ቀና ብለው፣ የብርድ ልብሱ መስመር ጉንጫቸው ላይ ታትሞ። «ዓይኔን ነው የከደንኩት።»

ይህንን የጻፍኩት ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ኋላ ይፈለጋል።

ከሰዓት በኋላ አየር ጤና ወረድን። ከዚያ በታክሲ ወደ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደ ገርጂ። በእኛ ከተማ የባጃጅ ነጂ ወዴት እንደምሄድ ሳልነግረው ያውቃል፤ ከየት እንደመጣሁም ያውቃል። አዲስ አበባ ላይ ረዳቱ የሰፈር ስም እየጠራ ሲጮህ፣ ከብዙ ሰው መካከል የራስህን ስም ያህል ነቅተህ መስማት አለብህ። እኔ አንዱን ሳልሰማ አሳለፍኩና ከነሳጥኔ ወደ ኋላ በእግሬ ተመለስኩ።

አክስቴ ወርቅነሽ የሚኖሩት አራት ተከራዮች በሚጋሩት ግቢ ውስጥ ነው። የብረቱን በር አንኳኳሁ። በበሩ ላይ ያለች ትንሽ መስኮት ተከፈተችና ሁለት ዓይንና ግራጫ ጢም ታየኝ።

«ማንን ነው?»

«ወይዘሮ ወርቅነሽን።»

«ማን ልበል?»

«የወንድማቸው ልጅ፣ ኤርሚያስ።»

መስኮቷ ተዘጋች። በእኛ አገር በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ዘመድ አላውቅም፤ በር የሚባለውም ከብት እንዳይገባ የሚደረግ ነገር ነው። ጥቂት ቆይቶ የነጠላ ጫማ ሩጫ ሰማሁ፤ በሩ ተከፈተ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ልጄን ነው እንዴ በር ላይ ያቆምከው?» አሉ አክስቴ እያቀፉኝ፣ ሳጥኗንም አብረው እያቀፉ።

«እትዬ፣ እኔ በምን ልወቅ? ደግሞ የታቀፈውን አላዩም?» አሉ ዘበኛው። ወደ እኔም ዞረው፣ «ይቅርታ መምህር። ነው አይደል? መምህር ትመስላለህ» አሉኝ። በምን እንዳወቁ አልጠየቅኩም፤ የቾክ ብናኝ እጅጌዬ ላይ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ አክስቴ ነገሩኝ። ጋሽ ደምሴ ከመቀጠራቸው በፊት በሩ በተንኳኳ ቁጥር አራቱም ተከራዮች ይወጡ ነበር። «ድስት እሳት ላይ ጥለን! የሚፈለገው አንድ ሰው ነው፤ የምንሮጠው ግን ሁላችን። አሁን እሱ ይቀመጥልናል፣ የተፈለገውን ብቻ ይጠራል።» እሺ እሺ አልኩ። በጆሮዬ ሰማሁ እንጂ በልቤ አልሰማሁም።

እራት ከቤት ያመጣሁት ቆጮ ነበር። አክስቴ ከመብላታችን በፊት ጸለዩ፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ መጨረሻ ላይም አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ወደ ሳጥኗ አዩና፣ «ጌታ ሆይ፣ ስለዚህም ዕቃ፣ ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ» አሉ። አሜን አልኩ፤ ከልቤ።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ የመኝታዬ በር ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«ኤርሚ፣ ተኝተሃል?»

ብድግ አልኩ። «አልተኛሁም አክስቴ።»

«ጎሽ። ተኛ ታዲያ፣ ገና ነው» ብለው ሄዱ።

እንግዳ ተመችቶት ይሆን ወይ የሚል ሐሳብ አክስቴን እንቅልፍ እንደሚነሣቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ጠዋት ኦሎምፒያ አካባቢ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችን ዞርኩ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ጠረጴዛው ከጠበበ ጠረጴዛ መጨመር። የሱቁ ልጅ ከሳጥኗ የነቀልኩትን ሜሞሪ ከእጄ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዞረው።

«ብሮ፣ ይሄን ከየት አገኘኸው?»

«ከትምህርት ቤታችን።»

«ይሄን የሚሠሩት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል እኮ» አለ። ሆኖም ስቆብኝ አልተወኝም፤ ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ ሦስት ሱቅ ድረስ ወስዶ ጠየቀልኝ። የትም አልነበረም። በእኛ ከተማ ዕቃ ሲጠፋ «ሆሳዕና ይኖራል» እንላለን፤ ሆሳዕና ከሌለ «አዲስ አበባ አይጠፋም» እንላለን። አዲስ አበባ ላይ ከጠፋ ወዴት እንደሚባል ማንም አላስተማረኝም።

ሳጥኗን ይዤ ሩዋንዳ ሰፈር ወዳለው የናትናኤል ቢሮ ሄድኩ። ናትናኤል ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል የተማርን ጓደኛዬ ነው፤ አሁን የድርጅቶችን ሰርቨር የሚያስተዳድር ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ሳጥኗን ሰክቶ የምታስኬዳቸውን ሲያይ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ።

«ኤርሚ፣ ይሄን ሁሉ ሰርቪስ ማሽኑ ቡት አድርጎ ከተነሣ ጀምሮ ለምንድነው የምታስሮጠው? አሁን ማን እየተጠቀመው ነው?»

«ማንም። ግን ቢፈለግስ ብዬ።»

«ቢፈለግ ይጠራላ! ኦን ዲማንድ አድርገው።»

እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። በአንድ ማሽን ላይ እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ ቁጥር ያለው በር አለው፤ ፖርት ይባላል። የተማሪው ኮምፒውተር መጽሐፍ ሲፈልግ የመጻሕፍቱን በር ያንኳኳል። እስከ አሁን በእኛ ማሽን አራቱም ባለቤቶች እየራሳቸው በር ላይ ቆመው ይውሉ ነበር። ዩኒክስ የተባለውን የድሮ የኮምፒውተር ሥርዓት የሠሩ ሰዎች ግን፣ ማሽኖች ሁሉ ጠባብ በነበሩበት ዘመን፣ ብልሃት አግኝተው ነበር። አንድ ቀላል ፕሮግራም ብቻውን ተቀምጦ በሮቹን ሁሉ ያዳምጣል፤ ባለቤቶቹ ይተኛሉ። አንዱ በር ሲንኳኳ የዚያን በር ባለቤት ብቻ ቀስቅሶ እንግዳውን ያስረክበዋል። የእኛን ሳጥን የሚያስኬደው የዛሬው ሥርዓት፣ ሊኑክስ፣ ይህንን ሥራ ለሌላ አይሰጥም፤ ማሽኑ ሲነሣ ሁሉን የሚያስነሣው ዋናው አስተዳዳሪ ራሱ ይሠራዋል። የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ነው። አንደኛው «ይህንን በር አዳምጥ» ይላል፤ ሁለተኛው «ከተንኳኳ ይህንን ፕሮግራም አስነሣ» ይላል።

«ጋሽ ደምሴ!» ብዬ ጮህኩ።

የቢሮው ሰዎች ዞሩ። «ማነው ጋሽ ደምሴ?» አለ ናትናኤል።

የአክስቴን ግቢ ነገርኩት። «አንተ አሁንም በቾክ ነው የምታወራው» አለና ሳቀ፤ ግን ከዚያ በኋላ እሱም አዳማጩን ጋሽ ደምሴ እያለ መጥራት ጀመረ።

ጽሑፎቹን እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ። አንደኛውን አዳማጭ ስናስነሣው እምቢ አለ፤ በሩ ተይዟል የሚል መልእክት መጣ። አፍሬ ስክሪኑ ላይ ሳፈጥ ናትናኤል ትከሻዬን መታኝ። «ዘበኛ ቀጥረሃል፣ ሰውየው ግን በሩ ላይ እንደቆመ ነው። መጀመሪያ እሱን ወደ ቤት አስገባው እንጂ!» እውነቱን ነው፤ የድሮውን አገልግሎት ሳላቆም፣ ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዳይነሣም ሳላዝ ነበር አዲሱን የሾምኩት። አቆምኩት፤ ከማሽኑ ጋር እንዳይነሣም ከልክዬ ከውጭ ወደማይንኳኳ ሌላ በር፣ ወደ ውስጥ በር፣ አዛወርኩት፤ አዳማጩም ያለ ጠብ በሩን ያዘ። የእኛ አገልግሎቶች ከሌላ ሰው እጅ እንግዳ መቀበል ስለማይችሉ ናትናኤል መካከል ላይ አንድ አሸጋጋሪ አስገባ። አሸጋጋሪው እንግዳውን ከውጭ በር ወደ ውስጥ በር ይወስዳል፤ ለአሥር ደቂቃ የሚመጣ ካጣ ይሄዳል፤ እሱ ሲሄድ ከውስጥ ያለው አገልግሎትም የሚፈልገው ስለሌለ ተኝቶ ቦታውን ይለቃል።

በመካከሉ ከቢሮው ጀርባ ወዳለች ትንሽ ምግብ ቤት ሄደን ተጋቢኖ በላን። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ በአንድ እጁ እየበላ በአንዱ ስልኩን ያያል። በእኛ ከተማ ምግብ ቤት ብቻውን የሚበላ ሰው ካለ ወይ ተጣልቷል ወይ ታሟል። አስተናጋጇ እንጀራ ልትጨምርልኝ ስትመጣ አገሬ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስነግራት፣ «እኔም ዱራሜ ነኝ» አለችና ሳንጠይቅ አንድ ተጋቢኖ ጨመረችልን።

አመሻሹ ላይ አራቱም ተዘጋጁ። ናትናኤል ቦርሳውን እየዘጋ፣ «ነገ አዳማ ነኝ፣ ሥራ አለኝ። አንተ ቤት ሆነህ ቼክ አድርግ። ማንም ካልነካቸው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይተኛሉ። ከተኙ አለቀ» አለኝ። ተጠንቅቄ ሰማሁት፤ «ማንም ካልነካቸው» የምትለዋን ብቻ አሳለፍኳት።

ዓርብ

የአክስቴ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ሳጥኗንና ላፕቶፔን ዘረጋሁ፤ ስልኬንም ከእሷ ጋር አገናኘሁ። በትዕግሥት መጠበቅ ከተማሪ እንጂ ከመምህር አይጠበቅም መሰለኝ፤ መጀመሪያ ሁሉንም አስነሥቼ፣ ይተኙ እንደሆነ ለማየት በየአምስት ደቂቃው፣ ፈተና እንደሚቆጣጠር ሰው፣ አራቱንም በስልኬ መዞር ጀመርኩ። መጻሕፍቱን ከፈትኩ፤ ወዲያው ተከፈተ፤ አልተኛም ማለት ነው። መለማመጃውን ከፈትኩ፤ አልተኛም። ቪዲዮውም አልተኛም። መመዝገቢያውም አልተኛም። ሜሞሪውን ሳይ እንደ ድሮው ሞልቷል። ዞርኩ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ሁሌም ነቅተው ይጠብቁኛል።

ጽሑፎቹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ስሕተት አጣሁባቸው። ትክክል የነበረውን አንዱን «ላስተካክል» ብዬ አበላሸሁትና ወደ ነበረበት ለመመለስ ረፋዱ አለቀ። ናትናኤል ጋ ደወልኩ፤ አይነሣም። ደጋገምኩ፤ አይነሣም። የነገው መኪና ታየኝ፤ የሰኞው ክፍል ታየኝ፤ በበሩ ላይ የቆመችው ትዕግሥት ታየችኝ። «ይሠራል» ያልኳት እኔ ነኝ።

አክስቴ ምሳ አቅርበው ፊቴን አዩ። «ጠቁረሃል። በል ጋደም በል። ዕቃህን እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

እምቢ ማለት አልተቻለም። ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ገና ሲያሸልበኝ በሩ ሲጥ አለ።

«ኤርሚ፣ ተኝተሃል?»

«አልተኛሁም አክስቴ።»

በሩ ተዘጋ። እንደገና ዓይኔ ሲከደን፣ ሲጥ።

«ልጄ፣ ተኛህ?»

«አይ፣ አልተኛሁም።»

ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ስጋት ነበረበት፤ እኔም እንደ ልማዴ አልተኛሁም አልኩ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ከጋሽ ደምሴ ጋር ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ልጁ ምንም እንቅልፍ አልወሰደውም። በሄድኩ ቁጥር ነቅቶ አገኘዋለሁ። አንድ የከበደ ነገር አለበት።»

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። «በሄድኩ ቁጥር ነቅቶ አገኘዋለሁ።» የጠዋቱን ሁሉ ሥራዬን አክስቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ። በየአምስት ደቂቃው በር እያንኳኳሁ «ተኝተሃል?» እያልኩ፣ «አልተኛሁም» ሲሉኝ እያዘንኩ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ ዕረፍት ለአንዳቸውም አልሰጠሁም። መኪናው ውስጥ የነበሩት እናት፣ እኔ፣ ሳጥኗ፣ ሁላችንም ያው ነን፤ ቀስቅሶ ለሚጠይቀን ሁሉ አልተኛሁም እንላለን።

ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወጣሁ። አክስቴ ደነገጡ።

«አክስቴ፣ ከቤት እንውጣ።»

«ወዴት?»

«የትም። ይሄን ዕቃ የማንነካበት ቦታ።»

«እንግዲያው ሾላ ገበያ እንሂድ፣ በርበሬ አልቆብኛል» አሉ። ስልኬን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ትቼ ወጣሁ።

ሾላ ገበያ ስንደርስ ልቤ ቤት ነበር። የእኛ ገበያ በሳምንት ሁለት ቀን ይቆማል፤ ሾላ ግን ሁሉ ቀን ገበያ ነው። አክስቴ ኮረሪማ አንሥተው አሸተቱና፣ «ይሄ የእኛ አገር አይደለም» አሉ። ነጋዴዋ፣ «እማዬ፣ ኮረሪማ መታወቂያ አለው እንዴ?» ስትላቸው ሳቁና ገዙ። እጄ ኪሴን እየዳበሰ ስልክ ይፈልግ ነበር። «ምን ጠፋህ?» አሉኝ ደጋግመው። «ምንም» እላለሁ። በርበሬው የሚታቀፍ ነገር ስለሆነልኝ አመሰገንኩት።

ቤት ስንገባ ስልኬን አልነካሁም። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን ስክሪን ከፍቼ አስተዳዳሪውን ብቻ ጠየቅኩ፤ በር ሳላንኳኳ፣ ከውስጥ። ስለ አዳማጮቹ ጠየቅኩ፤ አራቱም እያዳመጡ ነው። ስለ አገልግሎቶቹ ጠየቅኩ፤ አራቱም ተኝተዋል። ሜሞሪው፣ ያ ጠባብ ጠረጴዛ፣ ባዶውን ነበር ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ስልኬን አውጥቼ መጻሕፍቱን ከፈትኩ። ገጹ ነጭ ሆኖ ቆየ፤ ሰው ተነሥቶ ጫማውን እስኪያጠልቅ ያህል። ከዚያ መጻሕፍቱ ወጡ። ሌሎቹ ሦስቱ እንደተኙ ናቸው።

«ተኛልህ?» አሉ አክስቴ ከኋላዬ።

«ተኝቶ ነበር። አሁን አንዱን ቀሰቀስኩት።»

«ውይ! ተኝቶ ሳለ ምን ልታደርግ ቀሰቀስከው?» አሉኝ በእውነት ተቆጥተው።

አመሻሽ ላይ ናትናኤል ደወለ። «ብሮ፣ ይሄ ሁሉ ሚስድ ኮል ምንድነው? ሰው ሞተ እንዴ?» ነገርኩት። በስልኩ ውስጥ እስኪያስለው ሳቀ። «ስታተሱን መጠየቅ እያለ በር ታንኳኳለህ? ዩኒቨርሲቲ የገባነው ለዚህ ነው?» ቆየት ብሎ ግን፣ «ሰኞ ስትጨርስ ደውልልኝ። እንዳትረሳ፣ እጠብቃለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ

አክስቴ እሁድ አብሬያቸው ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ መመለሴ አልተዋጠላቸውም። «ሰኞ ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል» ስላቸው ግን ዳቦ ጠቀለሉልኝ፤ ከሾላው ኮረሪማም ግማሹን ለእናቴ ላኩ። ጋሽ ደምሴ ሳጥኗን ከእጄ ነጥቀው እስከ ታክሲ ድረስ ተሸከሙልኝ። «መምህር፣ ሌላ ጊዜ ስትመጣ ማን ልበል አልልህም» አሉኝ። አዲስ አበባ ላይ ከዚህ የበለጠ ሹመት የሚገኝ አይመስለኝም።

መንገዱን በሙሉ ሳጥኗን ታቅፌ ተኛሁ። ረዳቱ ሌላ ሰው ነበር፤ ምን እንደያዝኩም አልጠየቀኝም።

ሰኞ

አቶ ሽብሩ ልጆቹ ሳይቀመጡ ቀድመው ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ትዕግሥት ከፊት ተቀመጠች። «መጻሕፍቱን ክፈቱ» አልኩ። ሁሉም ከፈቱ። ስክሪኑ ሁሉ ነጭ ሆነ። እንደ ነጣ ቆየ።

«ይኸው!» አሉ አቶ ሽብሩ ከግድግዳው እየተላቀቁ። «ያው አይደለም እንዴ?»

እጄ ሳጥኗን አጥፍቶ ሊያበራ ተዘረጋ። መልሼ ኪሴ ከተትኩት። «ጥቂት ይታገሱኝ፣ እየተነሣ ነው።»

የትዕግሥት ስክሪን ቀድሞ ተከፈተ፤ ከዚያ የጎረቤቷ፣ ከዚያ የሁሉም። ጥቂት አንብበው መለማመጃውን ከፈቱ፤ እሱም ነጭ ሆኖ ቆየና ተነሣ። እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሳጥኗ ቀጥ አላለችም። ትዕግሥት አንገቷን ሳታነሣ ጥያቄዎቿን ትሠራለች፤ ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም። ደስ አለኝ።

አቶ ሽብሩ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። «የውጤት መመዝገቢያውስ? እሱን አበላሽተኸው እንዳይሆን» አሉና ሊከፍቱት ማውሱን ያዙ።

«ይተዉት፣ ተኝቷል።»

«ሳልከፍተው በምን አወቅህ?»

ጥቁሩን ስክሪን አሳየኋቸው፤ ማን እንደነቃ፣ ማን እንደተኛ፣ ማን በር ላይ እንደተቀመጠ። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ማውሱን ለቀቁና ወደ በሩ ሄዱ። «ዘጠነኛ ክፍልን ሌላ ቦታ እፈልግላቸዋለሁ» አሉ ሲወጡ፣ ልጆቹን እንዳይረብሹ ድምፃቸውን ቀንሰው።

ናትናኤል ጋ ደውዬ ነገርኩትና ቤቴ ሄጄ በጠራራ ፀሐይ አልጋዬ ላይ ወደቅኩ። የሳምንቱ ድካም እንደ ድንጋይ ተጭኖኝ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናቸው።

«ኤርሚ፣ ዕቃው እንዴት ሆነ?»

«ሠራ አክስቴ። ክፍሉም ለልጆቹ ቀረ።»

«ጌታ ይመስገን!» አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ተኝተህ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልተኛሁም» አልኳቸው።